የሐያት ጣትና የእኔ ቅናት

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ደብዳቤ ይሰጡታል፤ አንዳንዱንም ካባ አልብሰው፣ ፎቶ አንሥተው ይሸኙታል። እኔን ከሥራዬ ያሰናበተኝ ብሎኬት ነው። ጠርቶ "በቃሽ" ያለኝ ሰው የለም። መርሳ ላይ የጭቃ ቤት የሚያሠራ ሰው እያነሰ ሄደ፣ ጉልበቴም አብሮ ከዳኝ፣ እንዲሁ ሳላስበው ቤቴ ቀረሁ። አርባ ዓመት ገደማ ግድግዳ መርጌያለሁ፣ ለስኛለሁ፣ ወለል ለቅልቄያለሁ። ከሀብሩ ገጠር እስከ ወልድያ ከተማ እጄ ያላረፈበት ሰፈር ቢኖር ጥቂት ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ አዝዬ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ፤ ወሬዬም እንደዚሁ ነው። እንድጽፍ ያነሣሣኝን ነገር ግን አልደብቅም። ቀንቼ ነው። ክፉ ቃል ተናግራኝ በማታውቅ፣ የልጅ ልጄን እንደ ታናሽ እህቷ በምትወድ አንዲት ወጣት ላይ ቀናሁ። በዚያ ቅናት የልጅ ልጄን ጣት ላስበላት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ወጣቷ ትርሲት ትባላለች። አርክቴክት ናት፤ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት በወረቀት ላይ የምትሠራው እሷ ናት። ማየት ለተሳናቸውና ጫጫታ ለሚያሳምማቸው ልጆች አምስት ክፍል ልታሠራ ከአዲስ አበባ ወደ መርሳ መጣች። የልጅ ልጄ ሐያት ከተወለደች ጀምሮ አታይም። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ክፍሎቹ ሲያልቁ በጣቷ ማንበብ የምትማረው እዚያ ነው። እንግዲህ ለእኔ ነገሩ ይኸው ነው። ግን የቅናቴን ልክ እንድታውቁልኝ፣ ሥራዬን ከማን እንደተማርኩና ምን ከፍዬ እንደተማርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ያስተማሩኝ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ነበሩ። ባላቸው ሲሞት ወልድያ ወርደው፣ በምርጊት አራት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ወሬ አያበዙም። በጅጌ ቀን ሃምሳ ሰው ቢሰበሰብ፣ ወንዶቹ ቋሚውን ተክለው ማገሩን ከመቱ በኋላ ቤቱን ለእሳቸው ለቀው ይወጣሉ። ጭቃው በሰለ አልበሰለም የሚሉት እሳቸው ናቸው። ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ያልሰነበተ ጭቃ አይነኩም። ቆንጥረው በመዳፋቸው እንደ ገመድ ያሹታል፤ ጣታቸው ላይ ሲጠመጥሙት ከተሰነጠቀ "ገና ጥሬ ነው" ብለው ዞር ይላሉ። ባለቤቱ ድግሱ ሊያልቅብኝ ነው ቢል፣ ሰው ሊበተንብኝ ነው ቢል አይሰሙትም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሥራው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ይውጣ ይላሉ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሸብ ያደርጉና ባዶውን ቤት በመዳፋቸው እየዳበሱ ይዞራሉ። ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ቆመው አንዴ ያጨበጭባሉ፤ ድምፁን ያዳምጣሉ። በሩ የት እንደሆነ ጉንጫቸውን በሚነካው ነፋስ ያውቃሉ። እኛ ውሃ ቀጂዎቹ ልጃገረዶች ደግሞ ውጭ ሆነን፣ እትዬ ድብብቆሽ ሊጫወቱ ገቡ እያልን እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ሰሙኝ።

"ዓይን ችኩል ነው" አሉኝ ሳይቆጡ። "ቀድሞ ይገባና አማረ ብሎ ይወጣል። ቤት የሚኖርበት እጅና እግር ነው።"

አልገባኝም። አዎ አልኩ እንጂ አልገባኝም።

እሳቸውን ተከትዬ ብዙ አገር ዞርኩ። ሐራ ገበያ ዳር የእህል ነጋዴ ቤት ሠርተናል። ሲሪንቃ ለሠራተኞች ቤት ሠርተናል። ኋላ ወልድያ አንድ ኮንትራክተር ዘንድ ልሥራ ብዬ ሄጄ ሲሚንቶ ያዝኩ። ፎርማኑ ስሜን አያውቀውም፤ "አንቺ ጭቃ" ነበር የሚለኝ። የምፈርምበት ወረቀት ላይም ስሜ በየወሩ ሌላ ነው፤ እሱን እንተወው። ከዚያ ሥራ ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ነው፤ ሲሚንቶ የጣቴን ጫፍ በላው። ጭቃ ቆዳ ያደርቅ እንደሆነ እንጂ አይበላም። ሲሚንቶ ግን መጀመሪያ ያሳክካል፣ ቀጥሎ ይልጣል፣ ቀጥሎ ያደነድናል፤ መጨረሻ ላይ ጣትሽ የራስሽ አይመስልሽም። ባለፈው ለመታወቂያ አሻራ ስጡ ሲሉን መሣሪያው የእኔን አላገኘውም። ልጁ ደጋግሞ ቢያስጫነኝ ቢያስጫነኝ እምቢ አለ። "እማማ፣ አሻራዎን የት ጣሉት?" አለኝ። ወልድያ ግድግዳ ላይ አልኩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከመርሳ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ መንደር ሸህ ሙሄ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። ቁርዓን በቃላቸው የያዙ፣ ጨዋታ አዋቂ። ቤታቸውን ከዓመታት በፊት የመረጉት እትዬ በላይነሽ ናቸው። በግድግዳው ላይ፣ በሽማግሌው መዳፍ ቁመት፣ ሦስት የጣት ፈለግ ጎን ለጎን ከመደቡ ተነሥቶ ዙሪያውን ይሄዳል። ምድጃው አጠገብ ሲደርስ ሦስቱ አንድ ይሆናሉ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ያቀናል፤ ከበሩ ውጭ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አለና። ሸህ ሙሄ በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ጎረምሳ ነበር የሚራመዱት።

አንድ ክረምት ዝናብ ገብቶ ግድግዳውን ላጠው። እትዬ በላይነሽ ታመው ስለነበር እኔ ተጠራሁ። ያኔ ራሴን ችዬ ነበር፤ ግን የትም ብሄድ ወሬው "የበላይነሽ እጅ" ነው። እኔም "የበላይነሽ ተማሪ" እንጂ ከድጃ የሚለኝ የለም። ይኸ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ስለዚህ የተላጠውን ጠግኜ መሄድ ሲገባኝ ቤቱን በሙሉ እንደ አዲስ ለሰንኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ልስን አልሠራሁም። የእትዬን ፈለግ እያየሁ ደፈንኩት። ፈለጉ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብል ውሸቴን ነው፤ ልቤ ጠርጥሯል። ግን ለእኔ ያ መስመር የእሳቸው ፊርማ ሆኖ ነበር የሚታየኝ። ስጨርስ የመንደሩ ሴቶች እንቁላል አስመሰለችው አሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ መርሳ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሸህ ሙሄ ለሶላት ሊወጡ ግድግዳቸውን ይዘው ተነሡ። መዳፋቸው ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተ፣ በሩን ሳያውቁት በሩ ላይ ደረሱ። ደረጃውን ስተው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰምቼ ስሮጥ ሄድኩ። መደባቸው ላይ ተኝተዋል። እግራቸው ላይ ወድቄ አውፍ በሉኝ አልኳቸው።

"ምን አደረግሽ ልጄ፣ ቤቱን አሳመርሽው አሉኝ እኮ" አሉ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ "ብቻ ግድግዳው ዝም አለኝ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለ ሰው ትከሻ ከደጃቸው አልወጡም።

እትዬ በላይነሽ ከነሕመማቸው በሰው ተደግፈው መጡ። ግድግዳውን ዙሪያውን ዳበሱት፤ "ቆንጆ ልስን ነው" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ነጠላዬን ወስደው ዓይኔን አሰሩና እዚያው ቤት ውስጥ አዋሉኝ። ጉልቻው መታኝ፣ ጋን ገለበጥኩ፣ በሩን ፈልጌ ሦስት ጊዜ ያንኑ ማዕዘን አገኘሁ። አመሻሹ ላይ ፈተው ለቀቁኝ። ፈለጉን መልሰን አብረን አወጣነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዘኝ በየቤቱ እንዲህ መሥራት ጀመርኩ። አሮጊት ላለችበት ቤት ከመኝታዋ እስከ በሩ የእጅ መያዣ ጉብታ አወጣለሁ። ሲሪንቃ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ጆሮውን ይዞ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር የሚያላትም ሕፃን ነበር። ጋኔን ነው ይሉ ነበር ሰዎች። ከቆርቆሮው ሥር ሸምበቆ ደርድሬ፣ በላዩ ጭድ የበዛበት ቀላል ጭቃ አለበስኩት። ዝናቡ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነ። ሕፃኑ ተኛ። ያኔ ለዚህ ሥራ ስም አልነበረውም። ዛሬ ትርሲት ስም ታወጣለታለች፤ ሰው ያጨበጭብላታል።

ይኸውላችሁ፣ ቅናቴ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያየኋት ቀበሌ አዳራሽ ወላጆች ሲሰበሰቡ ነው። ያቺ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ልጅ ተነሥታ ቆመች። ሁለት እጥፍ የሚበልጧት ወንዶች ወረቀቷን ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል፤ ፎርማኑ "እሺ ኢንጂነር" ይላታል። እኔ ለአርባ ዓመት ፎርማን ፊት አንገቴን ደፍቼ ነው የኖርኩት። እሷ ግን ስትናገር ድምፅዋን ከፍ እንኳ አታደርግም። ግድግዳው በእጅ የሚነበብ መስመር ይኖረዋል አለች። ጣሪያው ጫጫታ እንዳይመልስ ከሥሩ ይለበሳል አለች። ወለሉ በሩ አጠገብ ሲደርስ ለእግር እንዲታወቅ ይለወጣል አለች። ጎረቤቴ ዘሐራ በክርኗ ጎሰመችኝ። "ከድጃ፣ ይቺ ልጅ ያንቺን ነው እንዴ የምታወራው?" አለችኝ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ከዚያ ሐያት ተጨመረችበት። ትርሲት ልጆቹን ሰብስባ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፋ፣ እያንዳንዳቸው ሲሄዱ እጃቸው የሚያርፍበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጋ ነበር። ሐያት ያን ቀን ቤት ስትገባ ጀምሮ ወሬዋ ትርሲት ትርሲት ብቻ ሆነ። ትርሲት እጄን ለካች፣ ትርሲት አጨብጭቢና አዳምጪ አለችኝ። ማጨብጨብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ! ገና በዳዴ እያለች ከማዕዘን ማዕዘን አጨብጭቤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ወጡ ጨው በዛበት ብላ ሐያት እስክትጮህ ድረስ ዝም ብዬ ወጥ ሠራሁ።

አንድ ቀን ትርሲት ራሷ ቤቴ መጣች። የእኔን ሥራ ከዘሐራ ሰምታ ኖሯል። "እማማ፣ እስኪ መጥተው ይዩልኝ፣ ይምከሩኝ" አለችኝ። እኔ የማውቀው ጭቃ ነው፣ ያንቺ ሲሚንቶ ነው፣ ምን እመክርሻለሁ ብዬ ሸኘኋት። ቡና እንኳ አላልኳትም። በወሎ ልጅ ዘንድ ይኸ ነውር ነው።

ግን አላስቻለኝም። ሰው ሳያየኝ በባጃጅ ሄድኩ፤ ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተው ነበር። የክፍሎቹ አሠራር ያምራል፣ አልዋሽም። አንዴ አጨበጨብኩ፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አይጮህም። በሩን በጉንጬ አገኘሁት። እትዬ በላይነሽ ቢያዩ ይወዱት ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ይኸ ሐሳብ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ከዚያ መስመሩ ላይ ደረስኩ። ግንበኞቹ በሻካራ አሸዋና በሲሚንቶ እንደ ገመድ አውጥተውታል። የእኔ ጣት አይሰማውምና የክንዴን ውስጠኛ ቆዳ አስነካሁት። ይፍቃል። ሞረድ ነው።

ወዲያው ገባኝ። እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ይህን እየዳበሱ ይሄዳሉ፤ ጣታቸው መጀመሪያ ይላጣል፣ ቀጥሎ ይደነድናል። ከዚያ በዚያ በደነደነ ጣት የዓይነ ስውራን ፊደል የሆኑትን ጥቃቅን ነጥቦች አንብቡ ይባላሉ። ሐያት ማንበብ የምትችለው በዚያች በጣቷ ጫፍ ብቻ ነው።

ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ደስ አለኝ። አላህ ይማረኝ፣ ደስ አለኝ። የተማረችው ሳተች ብዬ ደስ አለኝ። ቤቴ ገባሁና ለማንም ሳልናገር ስምንት ቀን ተቀመጥኩ። ለራሴም ሰበብ አበጀሁ፤ ይለስኑት ይሆናል፣ ገና አላለቀም፣ እኔ ማን ነኝ እያልኩ።

በስምንተኛው ቀን ልጆቹን ክፍሎቹን እንዲለማመዱ ወሰዷቸው። ሐያት ስትመለስ ከት ከት ብላ እየሳቀች ነው። "እማ፣ መንገዱን ሁሉ አወቅሁት፤ ማንም ሳይዘኝ" አለች። እጇን ያዝኩት። ሦስቱ የጣቷ ጫፎች ተልጠው ቀይ ሆነዋል። ያማል ወይ አልኳት። "ያቃጥላል፣ ግን መንገዱ ነው" አለችኝ። የሸህ ሙሄ ድምፅ እንደገና ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ያኛው ግድግዳ ዝም ብሎ ነው ሰው የሰበረው፤ አሁን ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ በጠዋት ሄድኩ። ትርሲት ከግንበኞቹ ጋር ቆማለች። ይህ መስመር የልጆቹን ጣት ይበላል አልኳት፣ ሰላምታም ሳላስቀድም። አደም የሚባለው ግንበኛ ሳቀ።

"እማማ፣ ታዲያ ሲሚንቶውን በቅቤ እንሽላቸው?"

ትርሲት አልሳቀችም። የክንዷን ውስጠኛ ቆዳ እኔ እንዳልኳት መስመሩ ላይ አስኬደችው፤ አንዴ ሄዳ መጣች። ቆዳዋ ቀላ። ጣቴን አሳየኋት፤ የአሻራውን ነገር፣ የወልድያውን ሲሚንቶ ነገርኳት። የሐያትንም ጣት ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

"መቼ ነው ያዩት?" አለችኝ።

"ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

አደም ቆሟል፣ ሠራተኞቹ ቆመዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ያልተናገርኩትን እዚያ ተናገርኩት። "ቀንቼብሽ" አልኳት።

ምንም አይደለም አላለችኝም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ዞር ብላ በመዳፏ ጠረገችው። ለእኔ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ለልጆቹ ጣት ነው። ሠራተኞቹን መሮ አምጡ አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "እሺ እማማ፣ አሁን ይንገሩኝ" አለች።

አምስቱም ክፍል ውስጥ መስመሩ ተፈልፍሎ ወጣ። ቀይ አፈር በወንፊት አስነፋሁ፣ ኖራና ደቃቅ አሸዋ ቀላቀልኩ፣ በለስ ቅጠል ዘፍዝፌ በዝልግልጉ ውሃ አቦካሁት። ሦስት ቀን ይቀመጥ አልኩ፤ አደም ቀን ያልፍብናል ብሎ አጉረመረመ። ገና ጥሬ ነው ብዬ ዞር አልኩበት። ሲደርስ አንደኛውን ክፍል እኔ ያዝኩ፤ በወንዝ ጠጠር እያሸሁ እስኪያበራ አለሰለስኩት። ትርሲት አጠገቤ ሆና እያየች ሁለተኛውን ያዘች። እጇ ገና ነው፤ ይወላገድባታል። እኔም በልቤ ይህንስ ዩኒቨርሲቲ አያስተምርሽም እያልኩ ጮቤ እረግጥ ነበር። በየግድግዳው ላይ ቁመቱን በጠመኔ ምልክት አድርጋልኛለች፤ እኔ ግን አላየሁትም። የልጅ ቁመት ለእኔ ማን ይነግረኛል? ደግሞ ጉልበቴ ወደዚያ አይታጠፍም።

ሲደርቅ ሐያትን ጠራን። ማን የቱን እንደሠራ አልነገርናትም። አንዱን ክፍል ዞረች፣ ሁለተኛውን ዞረች። ክንዷን አስነካች፣ ጉንጯን አስነካች። ጣቷ ላይ ምንም የለም፤ አልሐምዱሊላህ። ይህ ቢበቃኝ ምን ነበር።

"የትኛው ይሻላል?" ብዬ ጠየቅኳት። አፌ እንዴት እንዳወጣው አላውቅም።

"ይሄኛው ያንቺ ነው" አለች፣ አንደኛውን ክፍል። "በጣም ይለሰልሳል። ግን ከፍ ይላል፣ እማ፤ እጄ ይዝላል። ትንንሾቹ ደግሞ አይደርሱበትም። የትርሲት ይሻላል።"

ትርሲት ደንግጣ፣ የአያትሽ እኮ ይሻላል ብላ ማስተባበል ጀመረች። ተይ አልኳት። ልጅቷ በእጇ ያወቀችውን ነው የተናገረችው። ወደ ጠመኔው ምልክት ሄጄ መዳፌን አስቀመጥኩበት፤ ከእኔ መስመር ጋር ሲተያይ አንድ ስንዝር ይወርዳል። እሷ የልጆቹን እጅ ለክታለች፤ እኔ የለካሁት የራሴን ወገብ ነው።

"የእኔን አፍርሺው" አልኳት። "እሱንም፣ የቀሩትን ሦስቱንም አንቺ ሥሪያቸው።"

አላፈረሰችውም፤ ቆማ አየችኝ። መሮውን ከአደም እጅ ወስጄ የመጀመሪያውን ምት እኔው መታሁ። ከዚያ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ትርሲት ሱሪዋን ሳትሰስት ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ እንደ ልጅ እጥፍ አለች። አውራ ጣትሽን አትጫኚው፣ በመዳፍሽ ሥጋ ግፊው፣ አትቸኩይ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍባት ዋልኩ። እሺ እማማ፣ እሺ እማማ ትለኛለች። መስመሩ እየቀና ሄደ። ቅናቴ ለቀቀኝ አልላችሁም። አሁንም እቀናለሁ፤ ያን ቀን ግን ከሁሉ የቀናሁት ጉልበቷን ነው።